ስለ ስክሪን ሪደርና ስለ ዓይነ ስውሩ ሠራተኛ መብት

በቤተ ክርስቲያናችን የአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ እያጠና ለመምህርነት መብቃቱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ትምህርቱ ራሱ በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነበርና። ዘመናዊው መሥሪያ ቤት በወረቀት ላይ ተመሥርቶ በመጣ ጊዜ ግን፣ ትእዛዙም፣ ሪፖርቱም፣ አቤቱታውም በጽሕፈት ሆኖ በፋይል ሲታሰር፣ ያው ብሩህ ልቡና ያለው ሰው ደብዳቤ የሚያነብለት ካላገኘ ለሥራ የማይበቃ ተደርጎ ተቈጠረ። ስክሪን ሪደር የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን እክል ለማስወገድ የተሠራ ነው።

ከነዚህ ፕሮግራሞች በሰፊው የሚታወቁት ጆውስና ኤንቪዲኤ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም የጀመሩት ዓይነ ስውራን ራሳቸው መሆናቸው ሊታወስ ይገባል። ጆውስን የጀመረው አሜሪካዊው ቴድ ሄንተር የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ብርሃነ ዓይኑን ያጣ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተር ዕውቀት ፊቱን የመለሰ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። ኤንቪዲኤን ደግሞ አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፤ በልጅነቱ በዓይነ ስውራን ሕፃናት የሙዚቃ ካምፕ ያወቀው ጄምስ ቴህ ተባብሮት፣ ፕሮግራሙ ያለ ዋጋ ለማንም እንዲታደል አደረጉት። ይህ ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ፕሮግራሙን የምንገዛበት በጀት የለንም የሚል አሠሪ ምክንያቱ ፈርሶበታልና።

ስሙ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም የስክሪን አንባቢ፣ ይባል እንጂ ፕሮግራሙ ስክሪኑን አይቶ አያነብም። ከሚታየው ሥዕል በስተጀርባ ኮምፒውተሩ በኮድ የያዘውን ጽሑፍ፣ የእያንዳንዱንም ቁልፍና ሣጥን መጠሪያ እየተቀበለ ወደ ድምፅ ይለውጣል። ዓይነ ስውሩ ሠራተኛ ማውስ ሳይነካ፣ ታብን በተጫነ ቍጥር ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው፣ የታችኛውን ቀስት በተጫነ ቍጥር ከመስመር ወደ መስመር ይሻገራል፤ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍም ማሽኑ ፊደሉን ከመጥራት ይልቅ «ስታር፣ ስታር» እያለ ምስጢሩን ይጠብቅለታል። የለመደ ሰው የንባቡን ፍጥነት እጅግ ስለሚጨምረው፣ ማዳመጫውን ለአፍታ የተዋሰ የሥራ ባልደረባ አንዲት ቃል እንኳ ሳይለይ ይመልስለታል። የሚሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም ቁልፎች መጠሪያ ሳይሰጣቸው በሥዕል ብቻ የተሠሩ እንደ ሆነ ግን፣ ከመመዝገብና ከመሰረዝ የትኛው የቱ እንደ ሆነ ሳይለይ፣ «በተን፣ በተን» ብቻ እየተባለለት በጨለማ ይዳክራል፤ ይህም የማየት ጕድለት ሳይሆን የፕሮግራም ሠሪው ስንፍና ነው።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት የተሠሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የእኛን ፊደል መልክ የደረቡ ስለ ነበሩ፣ በነዚያ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ያማረ አማርኛ ሆኖ ሳለ፣ ለስክሪን ሪደር ግን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ቅልቅል ነው። በዩኒኮድ የተጻፈውን ኢስፒክ የተባለው ነጻ ድምፅ ያነበዋል፤ አነጋገሩ ደረቅ ነው፣ ፊደላችን የማያመለክተውን ማጥበቅና ማላላትም በእርግጥ ሊያውቅ አይችልም፤ ሰሚው ግን ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ይረዳዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስካን የተደረገ ደብዳቤ ነው። በኮምፒውተር የተጻፈው ደብዳቤ ታትሞ፣ ኀላፊው ፈርሞበት፣ ቲተርና ክብ ማኅተም አርፎበት፣ መዝገብ ቤት ቍጥር ሰጥቶት፣ እንደ ገና በስካነር አልፎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ሲላክ፣ ፊደልነቱ ቀርቶ ፎቶግራፍ ሆኗል፤ ስክሪን ሪደሩም የፋይሉን ስም ጠርቶ ዝም ይላል። ፊደልን ከሥዕል የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ነገር ግን ማኅተሙ በተጫነበት ቃል ላይ ይሰናከላል፣ የገንዘቡ መጠን ወይም ቀኑ ከማኅተሙ ሥር የዋለ እንደ ሆነም ሠራተኛው የተሳሳተ ቍጥር ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል? ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቍጥር 568/2000፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቍጥር 101 ተክቶ፣ አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱንና የሥራ አካባቢውን ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ እንዲያመቻች፣ ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብለት ያዝዛል፤ ከዚህ ግዴታ የሚድነው ማመቻቸቱ ከዐቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ሲያስከትልበት ነው። በቅጥር፣ በዕድገት ወይም በዝውውር አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ የሚከስስ አካል ጉዳተኛም የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል። እንግዲህ በነጻ የሚታደል ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ መጫንና አንድን ፋይል በሚነበብ መልክ መላክ ከዐቅም በላይ ነው ብሎ በፍርድ ቤት ፊት ለመቆም የሚደፍር አሠሪ ማን ይሆን?

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ኀላፊዎችና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ለባልደረባችሁ ስትልኩ፣ በዩኒኮድ የተጻፈውን ዋናውን ፋይል አብራችሁ ላኩለት።