ታጋሹ የሩዝ ቡቃያ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ለጥ ያለ ምድር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች ስለሚሞሉ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ቀድሞ ስፍራው በአብዛኛው የከብት ግጦሽ ነበር፤ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግን ጅግናና ሻጋ በተባሉት ቦታዎች ሩዝ መዘራት ጀመረ። ዛሬ ፎገራ በሩዝ ምርቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ለሩዙ ሕይወት የሚሰጠው ውኃ አንዳንድ ጊዜ ጠላት ይሆንበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ብርቱ ጎርፍ የጣናን ዙሪያ ማጥለቅለቁ ለዚህ ምስክር ነው።

ሩዝ ውኃ ወዳድ ተክል ነው። ታዲያ ሁለንተናው በጎርፍ ሲዋጥ የሚሞተው ለምንድን ነው? የአየር በውኃ ውስጥ መሠራጨት በነፋስ ውስጥ ካለው 10,000 እጥፍ ያህል የዘገየ ነው። የደፈረሰ ውኃም የፀሐይን ብርሃን ይጋርዳል። ስለዚህ የተዋጠው ቡቃያ መተንፈስም ሆነ ምግቡን ማዘጋጀት ይሳነዋል። በዚህ ጊዜ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በውስጡ ይጠራቀማል። ተራው ሩዝ ይህ ምልክት ሲደርሰው ጫፉን ከውኃው በላይ ለማውጣት ይንጠራራል፤ ያጠራቀመውንም ስኳር ለዚሁ ይጨርሳል። ጎርፉ ሲሸሽ የቀጠነው አገዳ ይወድቃል፤ ለማቆጥቆጥ የሚሆን ስንቅም አይተርፈውም።

ጎርፍ በተለመደበት በሕንድ አገር፣ በኦዲሻ ግዛት ግን በውኃ ሥር ሁለት ሳምንት ያህል መቆየት የሚችል የሩዝ ዘር ይገኝ ነበር። ሳይንቲስቶች ምሥጢሩን ለብዙ ዓመታት ከመረመሩ በኋላ በዚያው በ1998 ዓ.ም. ሰብ 1ኤ የተባለውን ጂን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ የሕያዋንን ባሕርይ የሚወስን ቅንጣት ነው። ይህ ጂን ያለው ቡቃያ የኤቲሊን ምልክት ሲደርሰው አይንጠራራም። እድገቱን ገትቶ ስኳሩን ይቆጥባል፤ ውኃው ሲጎድልም በቆጠበው ስንቅ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ተመራማሪዎች ጂኑን ስዋርና ወደተባለው፣ ምርቱ ከፍተኛ ወደሆነው የሕንድ ሩዝ በማዳቀል አስገቡት። ልጆቹን ከስዋርና ጋር ደጋግመው እያዳቀሉና ጂኑን የወረሱትን ቡቃያዎች እየመረጡ፣ መልካም ባሕርዩን ሳይለቅ ጎርፍን የሚታገሥ ዘር አወጡ። ይህም ዘር እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ ለገበሬዎች ተፈቀደ።

ሆኖም ትዕግሥትም ወሰን አለው። ጎርፉ ለወራት ከቆየ ይህም ቡቃያ አይተርፍም። ገና ያልበቀለ ዘር በውኃ ሥር እንዲበቅል የሚረዳውም ሌላ ጂን ነው። ስለሆነም ዘር ከመምረጥ በፊት በማሳው ላይ ውኃው መቼ እንደሚመጣና ስንት ቀን እንደሚቆይ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በማሳው ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው።