በኳስ ሜዳ የሚወረወር ስድብ ማንን ከጨዋታ ያስወጣል?



በትምህርት ቤቶቻችን ሜዳ ዳር ቆሞ ያዳመጠ ሰው ሁለት ቃላትን ደጋግሞ ይሰማል። ኳስ በኃይል ያልመታ ወንድ ልጅ «ሴታሴት» ይባላል። ጎበዝ ተጫዋች የሆነች ልጅ ደግሞ «ወንዳወንድ» ትባላለች። ብዙዎቻችን «የልጆች ቀልድ ነው፣ ምን ችግር አለው» ብለን እናልፈዋለን። ታዲያ ይህ ቀልድ ከየት ይጀምራል፣ የትስ ያደርሳል? (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ምንድን ነው?

ሆሞፎቢያ ማለት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር አላቸው የሚባሉ ሰዎችን መጥላት፣ ማግለልና ማጥቃት ነው። ትራንስፎቢያ ደግሞ ሲወለዱ ከተመዘገቡበት ጾታ በተለየ ጾታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የሚደርስ ጥላቻ ነው። «የሚባሉ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስድቡ ብዙ ጊዜ የሚወረወረው በግምት ነው፤ በአረማመድ፣ በድምፅ፣ በፀጉር አቆራረጥ። ስለዚህ ማንንም ልጅ ሊያገኝ ይችላል።

በሌሎች አገሮች ምን ደረሰ?

እንግሊዛዊው ጀስቲን ፋሻኑ በ1981 ለኖቲንግሃም ፎረስት በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በዚህ ዋጋ የተገዛ የመጀመሪያው ጥቁር እንግሊዛዊ ተጫዋች እሱ ነበር። አሠልጣኙ ብራያን ክላፍ ግን ስለ ፋሻኑ የግል ሕይወት ወሬ ሲሰማ ከቡድኑ ልምምድ አገለለው። በ1990 ፋሻኑ ወንዶችን እንደሚወድ ራሱ ለጋዜጣ ተናገረ። የገዛ ወንድሙ እንኳ በአደባባይ ራቀው። ከእሱ በኋላ በእንግሊዝ ገና በመጫወት ላይ ያለ ፕሮፌሽናል ወንድ ተጫዋች ይህንኑ የተናገረው በ2022 ነው፤ የብላክፑሉ ጄክ ዳንኤልስ። በመካከሉ 32 ዓመት አለፈ።

በደቡብ አፍሪካ ዩዲ ሲሜላኔ የብሔራዊ ቡድኑ የባንያና ባንያና ተጫዋች ነበረች። ሴቶችን እንደምትወድ አልደበቀችም። በሚያዝያ 2008 በተወለደችበት በክዋቴማ ተደፍራ ተገደለች። የአገሪቱ የ1996 ሕገ መንግሥት እንዲህ ዓይነቱን አድልዎ ይከለክላል። ሕግ ብቻውን ሰፈርን እንደማይለውጥ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች 800 ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቷ ካስተር ሴሜንያ ወርቅ፣ ቡሩንዲያዊቷ ፍራንሲን ኒዮንሳባ ብር፣ ኬንያዊቷ ማርጋሬት ዋምቡዪ ነሐስ አገኙ። ሦስቱም ከልጅነታቸው ሴት ሆነው ያደጉ ናቸው፤ ጾታ የቀየረ የለም። ሰውነታቸው በተፈጥሮው ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ስለሚያመነጭ፣ በ2019 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ሆርሞኑን በመድኃኒት ካልቀነሱ በዚህ ርቀት እንዳይወዳደሩ ከለከለ። በሴቶች ውድድር ማን ይሩጥ የሚለው ክርክር የፌዴሬሽኖችና የፍርድ ቤቶች ነው። ነገር ግን ሴሜንያ በ2009 በርሊን ላይ ስታሸንፍ ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ የጾታ ምርመራዋ ወሬ ለዓለም ሁሉ ተሰራጨ። አንዲት ወጣት እንዲህ እንድትዋረድ የሚያስገድድ የስፖርት ደንብ የለም። በእኛ የትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ «እውነት ሴት ናት?» ብሎ መጠየቅ ጭራሽ ቦታ የለውም።

እኛ ምን እናድርግ?

1. ስድቡን በዚያው ቅጽበት እናስቁም። ፊሽካ ንፉ፣ ጨዋታውን አቁሙና «በዚህ ሜዳ ሰው በማንነቱ አይሰደብም» በሉ። ረጅም ስብከት አያስፈልግም።

2. ደንቡን ከውድድር በፊት እናሳውቅ። በጎሳ ለሚሳደብ ተጫዋች ያለው ቅጣት ለዚህም ይሁን። የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ 4 በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታም ሆነ በጾታዊ ዝንባሌ ማግለልን አንድ ላይ ይከለክላል።

3. የራሳችንን አፍ እንጠብቅ። አሠልጣኙ «እንደ ሴት አትሩጥ» እያለ ተማሪውን ስድብ ክልክል ነው ቢለው ማን ይሰማዋል?

4. ማንንም ልጅ «አንተ እንዲህ ነህ ወይ?» ብለን አንጠይቅ። አንድ ልጅ አምኖን ቢነግረን ለሌላ መምህርም ሆነ ለወላጅ አንናገር፣ በመዝገብም አንጻፍ። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያስቀጣል። በካምፕ ውስጥ ደግሞ ወሬ ከሰው ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ምስጢር ማውጣት ልጁን ለድብደባ፣ ከቤት ለመባረር፣ ለእስርም ሊያጋልጥ ይችላል።

5. የቀረውን ልጅ እንፈልግ። በደንብ ይጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ከልምምድ ከጠፋ ለብቻው አግኝተን «ሜዳው ላይ የሚያስቸግርህ አለ?» ብለን እንጠይቀው። ይህ ጥያቄ ማንነቱን አይነካም።

«ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ለሚሉ

ይህን የሚሉ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። እዚህ ማንም እምነቱን እንዲለውጥ አልተጠየቀም። የተጠየቅነው በእጃችን የተሰጠን ልጅ እንዳይሰደብና እንዳይደበደብ መጠበቅ ነው። ይህንን ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል።

ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ከስደትና ከጦርነት የመጡ ናቸው። ከትምህርት በኋላ ያለችው የአንድ ሰዓት ኳስ ለአንዳንዱ ልጅ በቀን ውስጥ የሚስቅባት ብቸኛ ሰዓት ናት። በስድብ የተነሳ እሷንም እንዳያጣ፣ የሚቀጥለው የትምህርት ቤቶች ውድድር ከመጀመሩ በፊት በየትምህርት ቤታችን ተሰብስበን ደንቡን እንጻፍ፤ ለተማሪዎቹም በሚገባቸው ቋንቋ ሁሉ እናንብብላቸው።