ለኪራይ ቤት ከመግዛት በፊት የሰፈሩን ዋጋ ስለ መመርመር

በከተማችን በአዲስ አበባ ብዙ ወላጆች የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን የሚያውሉት ለኪራይ በሚሆን ቤት ላይ ነው። ቤቱ በሽምግልና ጊዜ ጧሪ እንዲሆናቸው ያስባሉ። ነገር ግን በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ በደላላ ቃል ብቻ ተማምነው ኮንዶሚኒየም ከገዙ በኋላ፥ በተባለው ዋጋ የሚከራይ ሰው ጠፍቶ ቤቱ አራት ወር ተዘግቶ ሲቀመጥ አይተናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው። ስለዚህ አመራመሩን ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፥ የሚጠራው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ማወቅ ይገባል። ደላላው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ባለቤቱ የሚመኘውን ነው፤ እውነተኛውን ዋጋ የሚያውቀው ግን በየወሩ የሚከፍለው ተከራይ ነው። እንግዲህ በዚያው ሕንጻ ወይም መንደር ቢያንስ አምስት ተከራዮችን በትሕትና መጠየቅ መልካም ነው። ቤቱ ተከራይ ሳያገኝ ስንት ወር እንደ ቆየም ጥበቃውንና ባለሱቁን መጠየቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፥ የሚነጻጸሩት ቤቶች ተመሳሳይ ይሁኑ። የመኝታ ክፍሉ ብዛት፥ ፎቁ፥ የውሃው አመጣጥ፥ የመብራት ቆጣሪው የግል ወይም የጋራ መሆኑ፥ የታክሲው ቅርበት ዋጋውን ይለውጡታል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን የሚወሰነው በመንግሥት ስለ ሆነ ለማነጻጸሪያ አይሆንም።

ሦስተኛ፥ ሒሳቡን በዓመት ማስላት ነው። ለምሳሌ የአንድ ቤት ዋጋ 2,000,000 ብር፥ ኪራዩም በወር 10,000 ብር ቢሆን፥ በዓመት 120,000 ብር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥና ለእድሳት 10,000 ብር ቢወጣ፥ የሚቀረው 100,000 ብር ነው፤ ይኸውም ከዋጋው በመቶ 5 ብቻ ነው። ግብሩም ገና አልተከፈለም። በብድር የገዛ ሰው ወለዱ ከዚህ ከበለጠ፥ ቤቱ ይጦረኛል ሲል እሱ ቤቱን ይጦራል።

በመጨረሻም ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1320/2016 አዋጅ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚያስታውቀው አያልፍም። ስለዚህ «አሁን ልግዛ፥ ኪራዩን በኋላ እጨምራለሁ» የሚል አሳብ መሠረት የለውም።

እኛም ተማሪዎች ሒሳብ የምንማረው ለፈተና ብቻ አይደለምና፥ ወላጆቻችን ውል ከመፈረማቸው በፊት እርሳስና ወረቀት ይዘን አብረን ብንጠይቅና ብናሰላ የትምህርታችን ፍሬ በቤታችን ይታያል።