ዶሮዋ ክንፏን ስትጥል

በግቢያችን አራት አምስት ዶሮ ማርባት ብዙዎቻችን የለመድነው ነው። እንቁላሉ ለልጆች ምግብ፣ ሲተርፍም የጓዳ ወጪ መሸፈኛ ይሆናል። ታዲያ አንድ ቀን አንዷ ዶሮ ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛ ትታያለች። በሳምንቱ ቆጡ ባዶ ይቀራል። «ፈንግል ጨረሰብኝ» የሚለው እሮሮ የሚሰማው ይህን ጊዜ ነው።

ሕመምን ለመለየት ምቹው ሰዓት ጠዋት የዶሮ ቤት ሲከፈት ነው። ጤነኛ ዶሮ ተሻምታ ትወጣለች፤ ጥሬ ሲበተን ትሮጣለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ የቀረችውን ወዲያው ለብቻዋ ያድርጓት። ከዚያ ቆጡ ሥር ያለውን ኩስ ይመልከቱ። አረንጓዴና ውሃማ ከሆነ፣ ዶሮዎቹም አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱ፣ አንገታቸው የሚጠማዘዝ ወይም እግራቸው የሚሰንፍ ከሆነ ፈንግልን፣ በሕክምናው ስሙ ኒውካስልን ይጠርጥሩ። የወፍ ጉንፋንም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው በዓይን ብቻ መቁረጥ አይቻልም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባሉ ጫጩቶች ላይ ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ ግን ብዙውን ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ነው። ይህኛው እርጥብ ወለል ይወዳል፤ ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ለሰው የታዘዘ እንክብል ፈትቶ ማጠጣት (ስንቶቻችን ሞክረነዋል!) ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት «በክት ሳትሆን እንረዳት» ብሎ የታመመችውን ማረድ፣ ወይም ወደ ገበያ መላክ ነው። አስተራረዱ ሐላል ስለሆነ ብቻ በሽታው አይጠፋም። ከደሟ፣ ከላባዋና ከሆድ ዕቃዋ ጋር ግቢው ውስጥ ይበተናል። የወፍ ጉንፋን ከሆነ ደግሞ አራጁንና ላባ የምትነጨውን ሴት ለአደጋ ይዳርጋል። የሞተችውን በባዶ እጅ ሳይነኩ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ፤ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪምም ይንገሩ።

ለዒድ ከገበያ የመጣች ዶሮ ከነባሮቹ ጋር አትቀላቀል፤ የምትቆይ ከሆነ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ። የፈንግል ክትባት በሀገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ዓይን ላይ በጠብታ የሚሰጠው ዓይነት በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል፤ ሳይታመሙ በፊት ነው የሚጠቅመው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ፣ ሐኪሙን ከመጥራትዎ በፊት ከጎረቤቶችዎ ጋር ቀን ይቁረጡ። ዶሮዎቹንም ማታ ሳይለቀቁ መያዝ ይቀላል።