እንሰትን መሬት የሚል ካርታ

በአረካ አጠገብ ዱቦ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ቀድሞ ዓይን የሚገባው ቀዩ አፈርና ጓሮውን የሞላው እንሰት ነው። ክረምት ሲበረታ ግን በወላይታ የሚወራው ስለ ጎርፍና ስለ ቦረቦር ነው።

ሶዶን እንውሰድ። የዳሞታ ተራራ አናት ወደ 2,900 ሜትር ይጠጋል፤ ከግርጌው ያለችው ከተማ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠፍጣፋ ማስተር ፕላን ይህን ቁልቁለት ይውጠዋል። ወረቀቱ ላይ እኩል ከሚመስሉ ሁለት መንገዶች አንዱ ሐምሌ ላይ ወንዝ ሊሆን ይችላል።

ባለ ሦስት አውታር ሞዴል መሬቱን በትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከፍታውን ይጽፍለታል። ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በራዳር ከለካችው የተሠራው ካርታ የካሬው ጎን 30 ሜትር ያህል ነው፤ ለተፋሰስ ጥናት ይበቃል፣ ለሰፈር ዲች ግን አይሆንም። ለዚያ ድሮን ይነሣል። እርስ በርስ የሚደራረቡ ፎቶዎች ያነሣል፤ ኮምፒውተሩም አንዱን ነጥብ ከተለያየ አቅጣጫ አይቶ፣ ሁለት ዓይናችን ርቀትን እንደሚገምት፣ ከፍታውን ያሰላል። ከዚያ ውሃ "ያፈስበታል"፦ ከእያንዳንዱ ካሬ፣ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ ቁልቁለቱ ወደሚብሰው። የብዙ ካሬ ውሃ የሚገናኝበት ቦታ ሰፊ ዲች ይፈልጋል፤ ቤት ግን ባይሠራበት ይሻላል።

እንሰቱ ጉድ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ድሮን የሚያየው ቅጠሉን እንጂ አፈሩን አይደለም። አምስት ሜትር የረዘመ እንሰት የበቀለበት ረባዳ ቦታ ሞዴሉ ላይ ጉብታ ሆኖ ይወጣል፤ ውሃውም በሌለ ኮረብታ ዞሮ በእውነቱ የማይደርስበት ግቢ ይገባል። በሌዘር የሚለካ መሣሪያ ጨረሩ በቅጠል መሃል እየሾለከ አፈሩን ይነካል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ቀያሽ ጓሮ ለጓሮ ዞሮ ቢለካ ይረክሳል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

መንገድም እንዲሁ ያታልላል። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ ከሰማይ ሲታይ ግድብ ነው፤ ከሥሩ የተቀበረው ቱቦ አይታይም። ስለዚህ ሞዴሉን የሚያርመው ሰው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። መንገድ ዳር የተቀመጡ አዛውንት ያገኛል፦ "አባባ፣ ክረምት ውሃው በየት ነው የሚሻገረው?" አዛውንቱ በከዘራቸው ይጠቁሙታል፤ እሱም ያሳዩትን ቦታ መዝግቦ ቱቦውን ሞዴሉ ላይ ይቀድለታል።