ጀርመን አገር የገባ አዲስ ተማሪና የአድራሻው ጉዳይ

ለትምህርት ጀርመን አገር የሚገባ ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋው ይመስለዋል፤ ነገሩን ስንመረምረው ግን ቀዳሚው ጉዳይ አድራሻ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የምዝገባ ሕግ መሠረት፥ ቤት የገባ ሰው የአከራዩን የማረጋገጫ ወረቀት ይዞ በ2 ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የመኖሪያ ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም የሚለየው በዚሁ አድራሻ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከገንዘቡ ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተማሪው ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ቢያስቀምጥም በየወሩ የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ብቻ ነው፤ አከራዩ ግን እስከ 3 ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ ያለ ማረጋገጫ ወረቀት የሚከራይ ክፍል ይይዛል፤ ምዝገባውም ይሰናከላል። እንደ አስተያየታችን፥ መያዣውን በ3 ወር ከፋፍሎ መክፈል በሕግ የተፈቀደ መሆኑን እያንዳንዱ ተጓዥ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።