የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በለንደን፦ ብድር መውሰድ ይሻላል ወይስ እየሠሩ መማር?

በሰሜን ለንደን ካምደን ክፍለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን እና ሶአስን የመሳሰሉ ተቋማት ይገኛሉ። በእነዚህ ተቋማት የመማር ዕድል ላገኙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችና ለቤተሰቦቻቸው ቀዳሚው ጥያቄ ወጪው ነው፤ ትምህርቱ በብድር ይጠናቀቅ ወይስ በሥራ?

ዕዳ በሚፈራበት ቤት፣ ሠርቶ መማር የሚያስመሰግን ምርጫ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ የተማሪ ብድር ከባንክ ወይም ከዘመድ ከሚገኝ ብድር በእጅጉ ይለያል። ልዩነቱን ሳይረዱ መወሰን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ብድሩ እንዴት ይሠራል?

ብድሩ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የትምህርት ክፍያን የሚሸፍን ሲሆን በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይከፈላል። በ2025/26 የትምህርት ዘመን በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ዲግሪ የተፈቀደው ከፍተኛ ዓመታዊ ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነበር።

ሁለተኛው ለኑሮ የሚሰጥ ሲሆን መጠኑ በቤተሰብ ገቢ ይወሰናል። በ2025/26 የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ25,000 ፓውንድ ያልበለጠ ተማሪ፣ ለንደን ውስጥ ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ከሆነ በዓመት እስከ 13,762 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ከወላጆቹ ጋር ለሚኖር ደግሞ ጣሪያው 8,877 ፓውንድ ነበር።

ከነሐሴ 2023 (እአአ) ወዲህ ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎች መክፈል የሚጀምሩት ተመርቀው ዓመታዊ ገቢያቸው ከ25,000 ፓውንድ ሲበልጥ ነው። የሚቆረጠው ከዚህ በላይ ካለው ገቢ 9 በመቶ ብቻ ነው። 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ተመራቂ በዓመት 450 ፓውንድ፣ በወር ደግሞ 37.50 ፓውንድ ይከፍላል። ሥራ ቢያጣ ክፍያው ይቆማል። ዋስ አይጠየቅም፤ ከ40 ዓመት በኋላም ቀሪው ዕዳ ይሰረዛል።

በዚህ ረገድ አሠራሩ በኢትዮጵያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚታወቀው የወጪ መጋራት ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም ከምረቃ በኋላ ከገቢ ላይ የሚመለሱ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ብድሩ ነፃ ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። በዋጋ ንረት ልክ ወለድ ይታሰብበታል። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ሲከፍል ሊኖር ይችላል። የቤት መግዣ ብድር የሚሰጡ ባንኮችም የመክፈል አቅምን ሲመዝኑ ወርኃዊ ተቆራጩን ከግምት ያስገባሉ።

ሥራ ምን ያስገኛል? ምንስ ይወስዳል?

በሚያዝያ 2025 ዕድሜያቸው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሠራተኞች ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ሆኖ ነበር። በዚህ ክፍያ በሳምንት 15 ሰዓት፣ በዓመት 30 ሳምንታት የሚሠራ ተማሪ 5,500 ፓውንድ ገደማ ያገኛል። ይህ ለምግብና ለትራንስፖርት ትልቅ እገዛ ነው፤ የትምህርት ክፍያውን ግን አይሸፍንም።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነጥብ አለ። ወርኃዊው ተቆራጭ የሚሰላው በገቢ እንጂ በዕዳው መጠን አይደለም። ስለዚህ በሥራ ደክሞ 10,000 ፓውንድ ያነሰ የተበደረ ተማሪ፣ ተመርቆ ተመሳሳይ ደመወዝ ከሚያገኝ ጓደኛው ያነሰ ወርኃዊ ክፍያ አይከፍልም። የሚጠቀመው ዕዳውን ቀድሞ ከጨረሰ ነው። ከ40 ዓመት በፊት ሊጨርስ የማይችል ከሆነ፣ ከመበደር መቆጠቡ የሚያስገኝለት ጥቅም እምብዛም ነው።

በአንጻሩ ለሥራ የዋለ ሰዓት ከጥናት ላይ ሊወሰድ ይችላል። ይህ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት የመጨረሻ ዓመት ከባድ ነው። ወድቆ ዓመት መድገም ተጨማሪ የትምህርት ክፍያ ከማስከተሉም በላይ የአንድ ዓመት ደመወዝ ያሳጣል።

ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል። ተማሪው በትርፍ ሰዓት ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ የኑሮ ብድሩን አይቀንስበትም።

ብድሩን ማግኘት የማይችሉት እነማን ናቸው?

በተማሪ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሚሄዱ ወጣቶች ይህን ብድር አያገኙም። በዲግሪ ደረጃ የሚማሩትም በትምህርት ወቅት መሥራት የሚፈቀድላቸው በአብዛኛው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። የግል ሥራ የተከለከለ በመሆኑ፣ በመተግበሪያ አማካይነት ምግብ ማድረስን የመሰለ ሥራ ቪዛቸውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

የስደተኝነት ዕውቅና ያገኙ ሰዎች ግን ሦስት ዓመት መኖር ሳይጠበቅባቸው ለብድሩ ማመልከት ይችላሉ። ጉዳያቸው ገና እየታየ ያሉ ጥገኝነት ጠያቂዎች ብድሩን ባያገኙም፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን እና ሶአስ ለተፈናቀሉ ሰዎች የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጡባቸው መርኃ ግብሮች አሏቸው።

በእምነታቸው ምክንያት ወለድ ለማይከፍሉ ሙስሊም ተማሪዎች ምርጫው ይበልጥ ጠባብ ነው። ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ ለማቅረብ የሚያስችል ሕግ በ2017 ቢጸድቅም፣ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሥራ ላይ አልዋለም።

ከመወሰን በፊት

ቀዳሚው እርምጃ ተማሪው ባለው የመኖሪያ ፈቃድ ብድሩ ይገባው እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ቀጥሎ የትምህርቱን ክብደት፣ በሳምንት የሚተርፈውን ሰዓትና ከምረቃ በኋላ የሚጠበቀውን ደመወዝ ማስላት ያስፈልጋል። ችግር ከገጠመም ትምህርት ከማቋረጥ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የችግር ጊዜ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል።

ተመርቀው ወደ ኢትዮጵያ የመመለስ ሐሳብ ያላቸው ደግሞ አንድ ነገር ሊዘነጉ አይገባም። ከብሪታኒያ መውጣት ዕዳውን አይሰርዘውም፤ ክፍያ የሚጀመርበት የገቢ መጠን ግን እንደሚኖሩበት አገር ይለያያል።